ድርና ማግ የማን እንደ ነበሩ

በደሉ ይህ ነው፦ «ድር» የሚለውን ቃሌን ወስደው የፈረንጅ አደረጉት። ከአባቴ የሽመና ጉድጓድ የወጣ ቃል ነው። ናዝሬት ወደነበረው የጋራ ማሽን ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰናይት የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ግን በጓዶች ፊት ቆማ የፈረንጅ ቃል ምህጻር ነው አለች፤ በዚያው ንግግር ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄደች። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከነበርኩበት ወንበር አልተነሳሁም።

ቅናት ነው የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ቅናት ነው። በገዛ ላሙ ላይ የሌላ ሰው ምልክት ሲተኮስ ቆሞ አይቶ ያልቀና ሰው በምን ሊቀና ነው? ልጄ «እማ፣ ተይው፣ አለፈ እኮ» ትለኛለች። ያለፈው ለእሷ ነው።

አባቴ ሞጆ ውስጥ ሸማኔ ነበር። መሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ጋቢና ኩታ ሲሠራ ይውላል። ያንኑ ጋቢ የሚለብሱት ሰዎች ዞር ሲል «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማጉን በቀሰም አጠነጥንለታለሁ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱ ቀረ፤ የማጠንጠኑ ነገር ግን በጣቴ ላይ ቀረ፣ ፈጣን ጣት አወጣሁ።

ሥራ የጀመርኩት መቂ፣ አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ነው። ከዚያ አዳሚ ቱሉ ወደ አንድ የዘር መጋዘን ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ በየከረጢቱ ላይ የራሱን ስም በቀለም ይጽፍ ነበር። «ይህ ዘር የማን ነው?» ሲባል «ስሜን አታይም እንዴ?» ይላል። እንስቅበት ነበር። ሰውየው ሞኝ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ናዝሬት መጣሁ። መንግሥት ድርጅቶቹን ከወረሰ በኋላ ሦስት መሥሪያ ቤቶች አንድ ኮምፒዩተር በጋራ እንዲጠቀሙ ተወስኖ ነበር፤ የአትክልቱ፣ የጥጡና የጭነት መኪናው። ለየራሳቸው የሚገዙበት የውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል? ማሽኑ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ቁም ሳጥን በቁም ሳጥን ጎን የተደረደረ ይመስል ነበር። የሚነገረው ሁሉ በጠንካራ ወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ ተበስቶ ነው የሚገባለት። እኔ በጣቴ ፍጥነት ተፈትኜ የካርድ በሺነት ሥራ አገኘሁ። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየበሳን ነበር የምናስገባው።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሥራውን የለመዱት አንድ ጣሊያናዊ የሂሳብ ማሽን ጠጋኝ ዘንድ በረዳትነት ነው። የፅዳት ሠራተኛዋንም ሆነ ከላይ የመጣውን ሹም፣ ሁሉንም «አንቱ» ነው የሚሉት። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ በመስኮቱ ላይ ርጥብ አንሶላ ይሰቅላሉ፤ ሲደርቅ ማንንም ሳያዙ ራሳቸው ያርሱታል። የካርድ ቁልል ሲቀርብላቸው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በአውራ ጣታቸው ፈር ፈር ያደርጉታል። ድምፁ ከደነዘዘ ካርዱ እርጥበት ስቧል ማለት ነው፤ ማሽኑ ያኝከዋል። ቀጥለው በቁልሉ ጠርዝ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ ሰያፍ መስመር ያሰምራሉ። ቁልሉ ወድቆ ቢበተን፣ ሲሰበሰብ መስመሩ የተሰበረበት ቦታ የትኛው ካርድ ከስፍራው እንደ ወጣ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ማንም ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ «ከዚህ በፊት የተቀመጠው ማን ነበር?» ይላሉ። የሚጠይቁት ስለ ወንበሩ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ማሽኑ ነው። ማሽኑ የቀደመው ሥራ የነገረውን ሁሉ ይዞ ይቆያል፦ በየትኛው ወረቀት እንደሚያትም፣ ከየትኛው ቴፕ እንደሚያነብ፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚቆጥር።

«የቀበሌ ቤት በሉት» ይሉ ነበር። «የወጣው ተከራይ ምስማሩን ግድግዳው ላይ ትቶት ይሄዳል። የገባው ሳያስተውል ኮቱን ይሰቅልበታል።»

ሰናይት ከእኔ በኋላ ነው የተቀጠረችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እንግሊዝኛዋ የሚንቆረቆር፣ ለፀሐይ ጃንጥላ የምትይዝ ልጅ ነበረች። በጃንጥላው አልቀናሁም። የጋሽ ወርቁ ጎን ያለው ወንበር ሲሰጣትም ችዬው ነበር። የቀናሁት በሌላ ነገር ነው። ለእኔ «በላይነሽ፣ ይህን ካርድ ከዚያኛው ያስቀድሙ» ይሉኛል፤ አለቀ። ለእሷ ግን «ሰናይት፣ ይህን ካርድ ከዚያኛው ያስቀድሙ፣ ምክንያቱም» ይሏትና እርሳሳቸውን ያነሳሉ። በዚያች «ምክንያቱም» ቀናሁ። ለአንዱ ትእዛዙን፣ ለሌላው ምክንያቱን መስጠት አድልዎ ነው፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ስለዚህ ካርድ እየበሳሁ ጆሮዬን ወደዚያ አደረግሁ። ለእሷ የተነገረው ሁሉ ለእኔም ደረሰኝ፤ በስርቆት ቢሆንም ደረሰኝ።

አሁን ወደ ቲማቲሙ ልምጣ።

የጭነት መኪናው መሥሪያ ቤት ዕቃ ከውጭ ስለሚያመላልስ ሥራውን የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አትክልቱ ግን በእኛው አቆጣጠር። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ ለመለዋወጫ አዲስ አበባ ሄደው ሳለ የጭነቱ ሥራ አለቀና የአትክልቱ ተከተለ። ከመቂ ቲማቲም የሚያነሱት መኪኖች ትእዛዝ ነበር። ካርዱን የበሳሁት እኔ ነኝ፣ ያስገባችው ሰናይት ናት፤ ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ስህተቱ ማሽኑ ውስጥ ቀድሞን ተቀምጦ ነበር። የፈረንጁ ዘመን እንደ ተነገረው ስለቀረ፣ የዘንድሮውን ትእዛዝ ሁሉ ያረጀ፣ ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነው አድርጎ ቆጠረና ጣለው። ማተሚያው ርዕሱን ብቻ ጽፎ ባዶ ወረቀት አወጣ። የስምሪት ኃላፊውም ወረቀቱን አይቶ «እሰይ፣ ዛሬ ጭነት የለም» ብሎ ሾፌሮቹን ለቀቃቸው።

ነገሩ ከታወቀ በኋላ ቦታውን ስለማውቅ መቂ ሄጄ እንዳይ ተላክሁ። የድሮ ጓደኛዬ ጫልቱ አሁንም ማሸጊያው ውስጥ ነበረች። የእንጨት ሳጥኖቹ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ከሥራቸው ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። ዝንቡ ሰው አያስቀርብም።

«አካም በላይነሽ፣ ነጉማ?» አለችኝ።

«ምን ሰላም አለ ብለሽ ነው፣ ጫልቱ።»

«ለመሆኑ ማሽናችሁ ምን ብሎ ነው መኪና የከለከለን?»

«ትእዛዙ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው ብሎ።»

ሳጥኖቹን አየች፣ እኔን አየች። «የሰባት ዓመት ቲማቲም! በይ ያንን ማሽን አምጪልኝ፤ ከዚህ አንድ ሳጥን ሳላበላው አልለቀውም» አለች። ሳቅን። ግን የከረመችበት ድካም ነበር እዚያ የፈሰሰው።

በዚያ ዘመን የበሰበሰ ቲማቲም ቲማቲም ብቻ አልነበረም። «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተባለ። ጋሽ ወርቁን ለጥያቄ ወሰዷቸው። ሲመለሱ ጢማቸው አድጎ፣ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ምን እንደ ጠየቋቸው አንድም ቀን አልነገሩንም። ክፍሉ ውስጥ ገብተው አንሶላውን አረሱ፤ ከዚያ ዞር ብለው፣ «ከዚህ በፊት የተቀመጠው ማን ነበር?» አሉ፤ ግን ከቀድሞው ባነሰ ድምፅ። እሳቸው ባይኖሩ ማንም እንደማይጠይቅ ለሁላችንም ገባን። እንደገና ባዶ ወረቀት ቢወጣ ደግሞ ተመልሰው እንደማይመጡ ገባን።

እኔ ሰው በማስታወስ ብቻ የሚቆም ሥራ አልወድም። አባቴ ሰክሮ እንኳ ማጉን ከድሩ አያስቀድምም ነበር፤ አይቻልማ! ድር ሳይዘረጋ ማጉ በምን ላይ ይገባል? ድሩ ለሁሉም ያው ነው፤ ኩታውን ከኩታ የሚለየው ማጉና ጥለቱ ነው። የአንዱ ሰው ኩታ ሲያልቅ ደግሞ ይቆረጥና ይወጣል፤ የአቶ እገሌ ማግ በእቴ እገሊት ኩታ ውስጥ አይገባም።

ይህንን ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በየሥራቸው ፊት የሚያስገቡት የማሰናጃ ካርድ ነበራቸው፤ ለማሽኑ እንዴት እንዲሰናዳ የሚነግሩት። ሁሉም የየራሱን በየመልኩ ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው። «እንለያየው» አልኳቸው። «ለሦስቱም አንድ የሆነውን አውጥተን ድር እንበለው፤ ዘወትር እሱ ይቅደም። የየመሥሪያ ቤቱን ለብቻው ማግ እንበለው። ሥራው ሲያልቅ ማጉ የነገረውን ሁሉ መልሶ የሚያስረሳ መፍቻ ይኑር። ድሩ ይቆይ፣ ማጉ ይውጣ።»

ጋሽ ወርቁ ባዶ ካርድ አንስተው ጀርባው ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። «በላይነሽ፣» አሉ፣ «ማሽኑ መፍቻውን የሚቀበለው በዚህ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም...»

ያን ቀን ቤቴ በእግሬ ይሁን በአየር እንደ ደረስኩ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለየን። ከሰናይት ጋር የተጣላነው በዘመን አቆጣጠሩ ነው።

«ቀን ሁሉም አለው፤ ስለዚህ ድር ውስጥ ይገባል» አለች።

«ቀን ሁሉም አለው፣ አዎ። ግን የሁሉም ቀን አንድ ነው?»

«እትዬ፣ አንዱን መርጠን ሁሉም በእሱ ቢሠራስ?»

«የትኛውን? ጳጉሜን የት ልትከቺያት ነው? በፈረንጁ ኪስ ውስጥ?»

«ጳጉሜን ማን ጭነት ያዛል?»

«ቲማቲም ጳጉሜን ነው ብሎ መብሰሉን አይተውም፣ የኔ እመቤት።»

ጋሽ ወርቁ በጉንጫቸው ሳቁን ይዘው «ወደ ማጉ» አሉ። ወደ ማጉ ገባ። አትክልቱ በአሥራ ሦስት ወር፣ ጭነቱ በአሥራ ሁለት ወር እንዲቆጥር ሆነ።

ፍትሕ ፍትሕ ነውና የእሷንም ልናገር። መፍቻው ተረስቶ ቢቀርና ሌላ ማግ ቢመጣስ? ለዚህ የእምቢታውን ካርድ የሠራችው ሰናይት ናት። የአንዱ ማግ ሳይወጣ የሌላው ከገባ ማሽኑ ይቆማል፣ ማተሚያውም በላቲን ፊደል «ፍታ» ብሎ ይጽፋል። መልካም ካርድ ነበር። የእሷ መሆኑን ተጠይቄ ክጄ አላውቅም።

ሥራው ያዘ። የጥጡ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ በሩን ከፍቶ «ማጌን ስጡኝ» ይላል። እኛም «ድርህ ሳይዘረጋ የምን ችኮላ ነው?» እንለዋለን። ያ ባዶ ወረቀት ዳግመኛ አልወጣም። ጋሽ ወርቁን የሚወስድ መኪናም አልመጣም።

ወሬው ከፍ ብሎ ተሰማና ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች መጡ፤ ጓዶች፣ አንድ የፖለቲካ ካድሬና አንድ ነጭ አማካሪ። አስቀድሞ ከክፍላችን አንድ ሰው ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደሚላክ ሰምተን ነበር። ካርዶቹ ራስጌ ላይ «ዲ፣ አይ፣ አር» እና «ኤም፣ ኤ፣ ጂ» የሚል ተበስቷል፤ ድርና ማግ በላቲን ፊደል ማለት ነው። አማካሪው አንዱን አንስቶ ጠየቀ። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ከመክፈታቸው ሰናይት ቀደመች፤ በእንግሊዝኛ መለሰችና ለጓዶቹ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«የመጀመሪያው ‹ዳይሬክተሪ›፣ ማውጫ፣ ለማለት በምህጻር ነው፣ ጓድ። ሁለተኛው ‹ማግኔቲክ› ነው።»

ነጩ ራሱን ነቀነቀ። ጓዶቹም ነጩን አይተው ነቀነቁ። እጄን ከመብሻው ላይ አንስቼ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ድር ድር ነው» አልኩ። «ሸማ የሚሠራበት ድር። ማግም ማግ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ካድሬው ግን ፊቱ በራ። «ትክክል ነው እናት!» አለ እጁን ወደ ላይ አንስቶ። «ሸማኔው የጭቁኑ መደብ አካል ነው! በፊውዳሉ ሥርዓት የተናቀው ሸማኔ ዛሬ ባለ ሥልጣን ነው!» አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ማተሚያው አለፉ። ለአባቴ ተጨበጨበለት፣ እኔን ግን የሰማኝ የለም። ሰናይት ወደ እኔ ዞር አላለችም።

ምሥራቅ ጀርመን የሚሄደው ሰው ሲገለጽ ሰናይት ሆነች። ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ።

«ለምን አልተናገሩልኝም?»

«በላይነሽ፣ የሠራነው የቤቱ ነው። የማንም አይደለም።»

«ቤቱ አውሮፕላን አይሳፈርም፣ ጋሽ ወርቁ።»

እርሳሳቸውን አንስተው ቁልሉ ላይ መስመራቸውን አሰመሩ። ከተጠየቁበት ቀን ወዲህ በሰው ፊት ድምፃቸውን አንስተው አያውቁም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ማወቄ አላበረደኝም፤ እሳቸው ዳግመኛ በቲማቲም ጦስ እንዳይታሰሩ ድር የዘረጋሁት እኔ አልነበርኩም?

ሰናይት ጥቁር ካፖርት ይዛ ተመለሰች፤ በናዝሬት ሙቀት ለማን ልትለብሰው እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊ ሆነች። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከዚያ ለአዲስ ተቀጣሪዎች ማስተማሪያ ተዘጋጀ። አንዲት ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ በትሕትና፣ እያባበለች፣ «እማማ፣ ድር ማለት እኮ ዳይሬክተሪ ማለት ነው» ብላ አስረዳችኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? እንደ ተማረችው ነው የነገረችኝ። ያን ቀን ግን በር በተከፈተ ቁጥር፣ ወንበሯ በተንቀጫቀጨ ቁጥር በሰናይት ቀናሁ። የእኔ ቃል ሌላ ልብስ ለብሶ መጥቶ ሰላም ሳይለኝ ያለፈ መሰለኝ።

ደሞዜ በየጊዜው እንደ ደንቡ ትንሽ ትንሽ አድጓል፤ ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ማሽኑም ጡረታ እየወጣ ነበር፤ ካርድ የማይፈልግ ትንሽ ማሽን ሊተካው ነው ተባለ። ሽኝት ተደረገልኝ። ንግግር ያደረገችው ኃላፊዋ ሰናይት ናት። «ታታሪ»፣ «ታማኝ»፣ «ሥራ ወዳድ» አለችኝ። ለአህያም የሚባል ነው። ስለ ድር አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሽኝቱ ሲያልቅ «በአንድ ጋሪ እንሂድ፣ እትዬ፣ ላድርስዎት» አለችኝ። ተሳፈርን። ፈረሱ በዝግታ ይሄዳል፣ ባለ ጋሪው ጀርባውን ሰጥቶን ያፏጫል። ገበያውን ስናልፍ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አልኳት። «ካሁን በኋላ አለቃዬ አይደለሽም፤ እውነቱን መልሺልኝ። ያን ቀን ድር ምን እንደሆነ አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ወዲያው። «እናቴ ፈታይ ነበረች። ድርና ማግ ሳልሰማ አላደግሁም።»

«ታዲያ?»

«የአውሮፕላኑ ወንበር አንድ ነበር፣ እትዬ። ነጩም የሚነቀንቀው ለሚያውቀው ቃል ነው።»

«ወንበሩን ተይው። ወንበሩን እኔም ባገኝ አልለቀውም ነበር። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሄድሽ፣ ተማርሽ፣ ተመለስሽ፣ ኃላፊ ሆንሽ። ከዚያ በኋላ ማን ይነጥቅሽ ነበር? ‹ቃሉ የበላይነሽ ነው› ለማለት ምን ከለከለሽ?»

ጃንጥላዋን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«የእምቢታው ካርድ ያንቺ ነው» አልኳት። «እሱን ለማንም ስናገር ኖሬያለሁ። እኔ ያንቺን አልካድኩሽም።»

«እሱንም እጄን ይዘው ያሠሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እትዬ፣ ያን ያህል ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ እኔ ያሰብኩት አንድም ነገር የለም። ድርን ለእርስዎ ብመልስ፣ ለእኔ ምን ሊቀረኝ ነው?»